የፌርማታው ዳኛ

አንባቢ ሆይ፣ ዳኛ ሳይሆን በየቀኑ የሚፈርድ ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? እኔስ ደክሞኛል። የእኔው አያ ደሴ ይባላል፤ እስራኤል አገር ጊቫት ሃሞሬ በሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ ነው፤ ችሎቱም የአውቶቡስ ፌርማታው ነው።

አንድ ጠዋት፣ ፖሊስ ወይም የእሳት አደጋ ሠራተኛ በገደለ ሰው ላይ ቅጣቱን የሚያከብድ ሕግ ሊወጣ ነው ብሎ ሬዲዮ ተናገረ። አያ ደሴ ወዲያው ሃያ ዓመት ፈረደ። አውቶቡሱ ሲዘገይ ሠላሳ አደረሰው፤ ፀሐዩ ሲበረታ ገዳዩን ሰቀለው። እኛም ምን ሥራ አለን? በየተራ አጸደቅንለት።

ከዚያ አጠገባችን ወደተቀመጠችው ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ዞረና፣ «አንቺስ ስንት ትፈርጃለሽ?» አላት።

«ባለቤቴ ጎንደር ፖሊስ ነበር፤ ሌባ ሲያባርር ተገደለ» አለች ቀስ ብላ። «በገዳዩ ላይ ዕድሜ ልክ ሲፈረድ ሰው ሁሉ እልል አለ። እኔ ቤቴ ገብቼ የሁለት ሰው እራት ሠራሁ።»

አውቶቡሱ ሲመጣ አያ ደሴ ዘንቢሏን ተሸክሞ አስገባላት፤ እስከ መሀል ከተማም ጭኑ ላይ ይዞላት ሄደ። ስንወርድ ጠጋ አላት።

«እህቴ፣ የባለቤትሽ ስም ማን ነበር?»

«አስረስ» አለች። «ሰው ሲጠይቀኝ የኖረው የገዳዩን ስም ነበር።»