ረግረጉን ያስፈቀዱት ጋሼ መንግሥቴ

«ማንን አስፈቅደሽ ነው የምታጭጂው? እኮ ማንን?»

ይኼ የጋሼ መንግሥቴ ድምፅ ነው። መጀመሪያ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ በአፍንጫቸው ይለቁታል። ወረታ ውስጥ እንደኔ አድርጎ የሚያስመስላቸው የለም፤ ካላመናችሁ እኔን፣ ሹፌር አንለይን፣ ጥሩልን በሉ።

«ጋሼ፣ ሣር እኮ ነው» አለች ናፍቆት፣ ማጭዷን እንደያዘች።

«ሣር ባለቤት የለውም ያለሽ ማነው?»

መቼም በየመሥሪያ ቤቱ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ የራሱን ጥላ እንኳ ሳያስፈቅድ የማይረግጥ። የእኛው ሊቀ ፈቃድ መንግሥቴ፣ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄደው የሩዝ ምርምራችን ላይ የተቀመጡት ለዚሁ ነው። ከአገሬው ዘር ሲወሰድ ማኅበረሰቡ አውቆ ይፍቀድ ይላል ሕጉ። ሌላው ሰው ያነበዋል፣ እሳቸው ይጾሙታል። ይፋግ ገበያ አንዲት ሴት ሽምብራ ቅመሱ ብላ ብትዘረጋላቸው፣ «ባልሽ ያውቃል?» አሏት። ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርደው፣ የሚታጠበውን ሁሉ «ልግባ?» ሲሉ ሳይነከሩ መሸ።

ናፍቆት ከአዲስ አበባ የመጣች ተመራማሪያችን ናት። ረግረጉ ላይ ማንም ያልዘራው፣ ጎርፍ የማይገድለው የዱር ሩዝ አግኝታለች። የዱር ሩዝ ደግሞ አመለኛ ነው፤ ከደረሰ በኋላ ነፋስ ከነካው ይረግፋል። የከርሞውን እንዳትጠብቅ ፕሮጀክቱ ያልቃል፣ ልፋቷም አብሮ።

ረግረጉ ድሮ መንደር ነበር። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሲያጥለቀልቀው ሰዉ ይፋግ ሰፈረ። ጋሼ እዚያ ሄደው ሁሉንም አስፈቅደዋል። የቀሩት እትዬ አመተ ሥላሴ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ከጎርፉ አልወጡም።

«ሞተዋል እኮ» አልናቸው።

«ሬሳቸው ተገኝቷል?»

«አልተገኘም።»

«እንግዲያው መንደሩን አልለቀቁም። ሕጉ የሞተ ከማኅበረሰቡ ይቀነስ አይልም።»

ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ስትጠልቅ ውኃው ዳር ቆመው፣ እንደ ጨዋ እንግዳ «ቤቶች!» እያሉ ይጣራሉ። የሰው ቤት ቢሆን ከውስጥ «ደጆች!» ይባላል። ከረግረጉ ግን ዝም። ምሽት በምሽት ዝም። ዘሩ መርገፍ ጀመረ፣ ናፍቆት መኪናዬ ውስጥ ታለቅሳለች።

እኔ ሆዴ አልቻለም። የእትዬ አመተ ሥላሴን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ በሕይወት ሳሉ ስንቴ አስመስዬ ሰው አስቄባቸዋለሁ። እሳቸውን ሆኜ «ደጆች» ልል ቀድሜ ሄጄ ደንገሉ ውስጥ ተደበቅሁ። ወፍ የለ፣ እንቁራሪት የለ። ነፋስ ሳይኖር ሩዙ ብቻ በአንድ በኩል ይነቃነቃል፣ ሰው እየጣሰው እንደሚመጣ።

«ቤቶች!» አሉ ጋሼ።

አፌን ከፈትሁ። ድምፄ ሳይወጣ፣ ከኋላዬ፣ ውኃው ከሚጠልቅበት፣ «ደጆች» የሚል መጣ። የአሮጊት ድምፅ፣ ዝግ ያለ። «ውሰዱ። ለዘር አስቀሩልኝ።»

ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሱ። ከዚያ ወደ ደንገሉ ዞር ሳይሉ፣ «አንለይ፣ ውጣ፤ ትንኝ ይበላሃል» አሉ።

«እኔ አይደለሁም ጋሼ። ማርያምን።»

«አውቃለሁ። አንተ እሳቸውን ስታስመስል ድምፁ የእኔ ነው የሚመስለው።»

በማግስቱ ናፍቆት አጨደች፤ ግማሹን ጋሼ ቆመው አስቀሩ። ዛሬ በሳቸው የሚስቅ ሰው መኪናዬ ላይ አይወጣም። እኔም ስሞት እንዲህ ከመንደሬ የማይቀንሰኝ ሰው ባገኝ ብዬ እመኛለሁ።

ይኸው አሁን ጋሼ ከትከሻዬ በላይ ሆነው የምጽፈውን ያነባሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በቃ፣ መጻፍህን ተው» አሉኝ። «እትዬ አመተ ሥላሴ የፈቀዱት ዘሩን ነው። ወሬያቸውን ገና አልጠየቅናቸውም።»