ዳር ቆሞ ዋና የሚያስተምረው ሰው

በዚህ ከተማ ዳር የቆመ ሰው የማያውቀው ነገር የለም። ሾፌር መኪናውን ወደ ኋላ ሊያስገባ ሲሞክር፣ ማንም ሳይጠራው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አንድ ሰው ይመጣና «ና! ና! ወደ ግራ ሰበር! ና!» ይላል። መኪናው ግንቡን ሲገጭ ደግሞ «ቀስ በል አላልኩህም?» ብሎ እጁን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። ጉድጓድ ሲቆፈር «ሰፋ አድርጉት»፣ ድንኳን ሲተከል «ያንን ገመድ ላላ አድርጉት»፣ አስከሬን ሲወጣ እንኳ «በእግሩ በኩል አስቀድሙ» የሚል አይጠፋም። የራሱን መኪና፣ የራሱን አካፋ ያየለት ሰው ግን የለም።

ከእነዚህ ሁሉ ዳር ቋሚዎች ክቡር ኮች አዶኒያስን የሚያህል አልተወለደም። ሌሎቹ ዳር ቆመው የሚያስተምሩት መኪና ማቆምና ድንኳን መትከል ነው፤ እሱ ግን ዋና ነው። ዋና ብቻም አይደለም። ሐይቅ ዋኝቶ፣ ከዚያ ብስክሌት ነድቶ፣ ከዚያ ሮጦ የሚጨረሰውን፣ ትራያትሎን የሚባለውን የመከራ ድርብርብ ነው። ይህን ሁሉ የሚያስተምረው ከለቡ መብራት ኃይል ጀርባ ባለ የአንድ ሆቴል ገንዳ ዳር፣ የተተኮሰ ቱታ ለብሶ፣ ፊሽካ አንጠልጥሎ፣ ሜጋፎን ይዞ ነው። ገንዳው ትንሽ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ሹክሹክታ ይሰማል። ሜጋፎኑ ለምን እንዳስፈለገው እስከ ዛሬ የጠየቀው የለም። የት እንደተማረ ለሚጠይቁት ግን «ውጭ» ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

ወይዘሮ ሸዋረገድ ይህን ሰው የናቁት ገና ሲያዩት ነው። ኃይሌ ጋርመንት በሚባለው ሰፈር የሚስማርና የቀለም ሱቅ አላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ከባንኮኒ ኋላ ሆነው ሰው ሲመዝኑ ስለኖሩ፣ የሚገዛውን ሰውና አውርቶ የሚሄደውን ከአረማመዱ ይለያሉ።

«ይኼ ሰውዬ ቆርቆሮ ቢሆን አልገዛውም» አሉ ለራኬብ። «ሲመቱት ይጮኻል እንጂ ዝናብ አይመልስም።»

«እትዬ፣ ቀስ ይበሉ፤ ይሰማል።»

«ይስማ! ሜጋፎን የያዘ ሰው የሌላ ሰው ድምጽ ሰምቶ ያውቃል?»

ራኬብ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ልጅ ናት። በቤተ ክርስቲያናቸው ትዘምራለች፤ ስትሮጥም ሚዳቋ ናት። ሐኪም ለታመመው ጉልበታቸው «ዋና ይሞክሩ» ቢላቸው፣ እጃቸውን ይዛ ወደዚህ ስልጠና ያመጣቻቸው እሷ ነች።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ሆነ። ኮች ፊሽካውን ነፍቶ «ግቡ!» አለ። ወይዘሮ ሸዋረገድ እስከ ወገባቸው ገቡና፣ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ወደ ኋላቸው ተዘረጉ። ራኬብም እንደዚያው። ከእነሱ ጋር የመጡት ሌሎች ዘማሪዎችም እንደዚያው። ገንዳው መዘምራኑን በሙሉ ባንድ ጉርሻ ዋጣቸው።

«ኧረ! ኧረ! ምን መሆናችሁ ነው?» ሜጋፎኑ አምባረቀ።

ራኬብ እያሳላት ብቅ አለች። «ኮቼ፣ እኛ ውሃ ውስጥ ገብተን የምናውቀው ስንጠመቅ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ከዚያ እንዴት ትወጣላችሁ?»

«ፓስተር ገሠሠ ናቸው የሚያወጡን።»

«እዚህ ፓስተር የለም!»

«አንተስ ለምን ተገትረሃል?» አሉ ወይዘሮ ሸዋረገድ፣ ውሃ ከአፍንጫቸው እየተንጠባጠበ። «ገብተህ ያዘን እንጂ!»

ክቡርነቱ ደረቱን ነፋ አደረገ። «እኔ ከገባሁ ማን ያያችኋል?»

ይህች ቃል ጋሻው ነበረች። በየማለዳው ይመክትባታል። «ኮቼ፣ አንዴ ገብተህ አሳየን» ሲባል፣ አንድ ቀን የአፍንጫው ሳይነስ ተነስቶበታል፤ ሌላ ቀን የእጅ ሰዓቱ አዲስ ነው። አንድ ቀን ቁርስ በልቷል። «በሙሉ ሆድ መግባት ክልክል ነው፤ ሳይንስ ነው!» በጾሙ ወራት ደግሞ አልበላም። «በባዶ ሆድ መግባት ክልክል ነው። ይኼም ሳይንስ ነው!»

«ለዚህ ሰውዬ ሆድ የሚስማማ ሳይንስ እስኪገኝ እኛ ዓሣ ሆነን እናልቃለን» ይላሉ ወይዘሮ ሸዋረገድ።

የሰፈሩ ውሃ በፈረቃ ነው። የፈረቃው ተራ ሲዘልና ገንዳው ሲጎድል ሌላ አሰልጣኝ ተማሪዎቹን ወደየቤታቸው ይሸኝ ነበር። ኮች አዶኒያስ ግን ፊቱ የሚበራው ያን ጊዜ ነው። ሁሉም እንደ እሱ ደረቅ ይሆኑለታላ! የሆቴሉን አግዳሚ ወንበሮች ይደረድርና ሰልጣኞቹን በሆዳቸው አስተኝቶ ያስቀዝፋቸዋል። «ክንድ! ተንፍሱ! ቀና ብላችሁ ምልክታችሁን እዩ!» ይላል። ምልክት የተባለው ከአጥሩ ማዶ ያለ የመብራት ምሰሶ ነው።

አንድ ቀን ዘበኛው ጉተማ እያመነታ ጠጋ አለ። «ኮች፣ በር ላይ የቆሙ ሰዎች እነዚህን ምን ነካቸው እያሉ ነው።»

«ሐይቅ እያቋረጡ ነው በላቸው።»

ጉተማ በአግዳሚው ላይ የሚንፈራገጡትን አንድ በአንድ ተመለከተ። «ታዲያ ውሃው መቼ ይመጣል?»

እውነቱን ለመናገር፣ ከትምህርቱ አንዱ ሥራ ላይ የሚውል ነበር። በሐይቅ ውድድር ሁሉም ባንዴ ዘለው ስለሚገቡ እርግጫውና ግፊያው አይጣል ነው። ኮች ይህን ሲያስተምር «ጠዋት ጀሞ ታክሲ ስትጋፉ በምንድን ነው የምትገቡት?» ብሎ ጠየቀ። «በክርን!» አሉ ሁሉም። «እሱ ነው! ሳይንስ ነው!» ወይዘሮ ሸዋረገድ በዚያው ማለዳ የአንዱን ሰልጣኝ፣ የለታን፣ አፍንጫ አደሙ። በክርን ጉዳይ መምህር አላስፈለጋቸውም።

ለታ የላፍቶ ነባር ገበሬዎች ልጅ ነው። ማሳው ቤት ቢበቅልበትም ላሞቹ አሁንም አሉ፤ እሱም ወተቱን በብስክሌት ለየኮንዶሚኒየሙ ያደርሳል። ቢሾፍቱ ላይ በቅብብል የሚደረግ ትራያትሎን መኖሩ ሲሰማ፣ ብስክሌቱን ለታ፣ ሩጫውን ራኬብ ያዙ። በአገራችን ሯጭ በየደጁ ነው፤ ዋናተኛ ግን ከየት ይምጣ? ወጣቶቹ ገንዳውን አጋምሰው ጠርዙን ይይዛሉ። ወይዘሮ ሸዋረገድ እንደ ኤሊ ይንቀራፈፋሉ፤ ግን አይቆሙም።

«እትዬ፣ እርስዎ ይዋኙልን» አለ ለታ።

«በዚህ ዕድሜዬ ሰው ይሳቅብኝ?» አሉ። ልባቸው ግን እሺ ካለች ቆይታለች። መሬት ላይ ጉልበታቸው ጌታቸው ነው፤ ውሃ ውስጥ ግን የታመመ ጉልበት እንዳላቸውም ይረሳሉ። በቀን ውስጥ ሰውነታቸው የራሳቸው የሚሆነው በዚያች ማለዳ ብቻ ነበር።

ይህን ልጃቸው ኤልዳድ አይረዳም። ወሬው ሲደርሰው ሱቅ ድረስ መጣ። «እማዬ፣ ገንዳው ሳያንስ ሐይቅ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውማ ሲሻው ይዋኝ።»

«እንግዲያው ቃል ግቢልኝ። ጀልባ ካነሳሽ፣ ወይም ሰው ገብቶ ካወጣሽ፣ ዋና የሚባል ነገር አበቃ። ጠዋት ጠዋት ቤት ከልጆቼ ጋር ትቀመጫለሽ።»

«ራሴ ከወጣሁስ?»

«ከወጣሽ አፌን እዘጋለሁ።»

ቃል ገቡ። ነጋዴ ናቸው፤ ቃላቸው ቃል ነው።

የውድድሩ ቅዳሜ ደረሰ። ፊሽካ ሲነፋ ሐይቁ ጀሞ ታክሲ ተራ ሆነ። ወይዘሮ ሸዋረገድም በክርናቸው መንገድ ከፍተው አለፉ። ግፊያው ሲያልፍ ግን ሁሉም ቀድመዋቸው ሄዱና ብቻቸውን ቀሩ። የገንዳው ወለል ሰማያዊና የሚታይ ነበር። ይህ ውሃ ጥቁር ነው፤ የራሳቸውን እጅ እንኳ ይውጠዋል። ከሥራቸው ምን እንዳለ ማሰብ ጀመሩ፤ ማሰብ ሲጀምሩ ትንፋሻቸው አጠረ፤ ትንፋሻቸው ሲያጥር ክንዳቸው ከበደ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ያን ዕለት ማሳሳቁንም ተወው።

የነፍስ አድን ጀልባ ቀረበች። «ማዘር፣ ይበቃል፤ ጎብዘዋል። ይያዙ» አለ ወጣቱ፣ እጁን ዘርግቶ።

የወይዘሮ ሸዋረገድ እጅ ከውሃው ወጣ። ወደ ጀልባዋ ሄደ።

ያን ጊዜ ከዳር፣ ከደንገሉ ውስጥ፣ ያ የተረገመ ሜጋፎን ጮኸ። ክቡር ኮች በእሾሁና በድንጋዩ መሐል እየተደናቀፈ፣ ከእሳቸው ትይዩ ይሮጣል። «ክንድ! እትዬ ሸዋረገድ! እሱ ክንድ ነው ወይስ የተሰበረ ጃንጥላ? ያንሱት! ሳይንስ ነው!»

«ዝም በል! አንተ ቆርቆሮ!» ብለው ባላቸው ኃይል ጮኹ።

ለመሳደብ ትንፋሽ ያስፈልጋል። ያን ስድብ ለማውጣት የታፈነውን አየር ሁሉ አወጡ፤ ቀጣዩን ለማዘጋጀት ደግሞ እስከ ሆዳቸው ሳቡ። ዓይናቸው በራ። ወደ ጀልባዋ የሄደውን እጅ መልሰው «ልጆቼ፣ እኔን ተዉኝና ያንን ሰውዬ ዝም አስብሉልኝ» አሉና መቅዘፍ ጀመሩ። ኮች «ቀና በሉ!» ሲል አንድ ስድብ፣ «ተንፍሱ!» ሲል ሌላ ስድብ። ኃይሌ ጋርመንት ላይ የአናጺና የግንበኛ ጆሮ የሰማው ስድብ ሁሉ ያን ዕለት ሐይቅ ገባ። እንዲህ ቆንጆ አድርገው ዋኝተው አያውቁም።

ዳርቻው ሲቃረብ ድምጹ ድንገት ጠፋ።

ቀና ብለው ምልክት ሲፈልጉ ያዩት ሌላ ነገር ነው። ኮች አዶኒያስ እየጮኸ ሲከተላቸው መሬቱ ማለቁን ሳያስተውል እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ሜጋፎኑን ሽቅብ ይዞ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ እንደ ምሰሶ ተተክሏል። ደንገሉ ስለጋረደው መድረሻው ላይ የቆመው ሕዝብ አያየውም።

«ኮች?»

«እትዬ... እግሬ አልንቀሳቀስ አለ።»

«ዋኝ እንጂ!»

«አልችልም።»

«ምኑን?»

«ዋና» አለ፣ በማይሰማ ድምጽ።

ወራት ሙሉ ሲመኙት የኖሩት ሳቅ በሰሃን ቀረበላቸው። ወይዘሮ ሸዋረገድ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳቁ ግን አልመጣም። ውሃ እንዲህ የሚፈራ ሰው አንድም ማለዳ ሳይቀር ውሃ አፋፍ ላይ ሲቆም መክረሙ ነው የታያቸው። የራሳቸውን ፍርሃት ገና አሁን ሐይቁ መሐል ቀምሰው ስለመጡ ጣዕሙ አልጠፋባቸውም።

የእጁን አንጓ ያዙት። «እኔን እይ። ወደ ታች አትይ። ተራመድ። ሌላውን እግር፤ እሱን አይደለም፣ ሌላውን!»

ተያይዘው ከደንገሉ ወጡ። ለታ ከወይዘሮዋ እግር ላይ ለቀጣዩ ተወዳዳሪ የሚተላለፈውን የቅብብሉን ማሰሪያ ፈትቶ ወደ ብስክሌቱ በረረ። ኤልዳድ ፎጣ ይዞ መጣ፤ ራኬብና ሌሎቹ ሰልጣኞችም ከበቧቸው። ሁሉም ውሃ የሚያንጠባጥበውን ቱታ ያያሉ።

«እማዬ፣ እሱ ለምን ገባ?» አለ ኤልዳድ። «ሊያወጣሽ ነው፣ አይደል?»

አዎ ቢሉ ማለዳቸው አበቃች። እውነቱን ቢናገሩ ደግሞ ይህ ሰው በተማሪዎቹ ፊት፣ እዚያው በቆመበት አለቀለት። ኮች መሬት መሬቱን ያያል።

«ሊያወጣኝ? ይኼ?» አሉ ወይዘሮ ሸዋረገድ። «ከመሐል ጀምሮ አብሮኝ ሲዋኝ ነው የመጣው። ቀደምኩት!»

ኤልዳድ ኮችን ከላይ እስከ ታች አየው። «በቱታ? ከነሜጋፎኑ?»

«ታዲያ በምን የቀደምኩት ይመስልሃል?»

ራኬብ አፏን በእጇ ያዘች። ሁሉም ወደ ኮች ዞሩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በአሮጊት መቀደምን ማመን ነበረበት፤ ጥርሱ እየተንገጫገጨ «ቀድመውኛል» አለ። ቀጥሎም «ክንዳቸው ግን አሁንም...»

«ዝም በል!»

ኤልዳድ ፎጣውን እናቱ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ። ምን ያህሉን እንዳመነ አይታወቅም። «ሰኞ ወደ ገንዳው እኔ ላድርስሽ?» አለ።

ሌሎቹ ራኬብን ሊያበረታቱ ወደ ሩጫው መንገድ ሲሄዱ፣ ወይዘሮ ሸዋረገድ ወደ ኮች ጠጋ አሉ። «ሰኞ ሰው ሳይመጣ ቀድመህ ና። ቁምጣ ይዘህ ና።»

«የምን ቁምጣ?»

«የዋና ነዋ!»

ክቡር ኮች ጉሮሮውን ጠረገ። «የለኝም» አለ።

በማግስቱ ከአምልኮ መልስ፣ ወይዘሮ ሸዋረገድ ከሱቃቸው አጠገብ ካለው ልብስ ቤት ገብተው አንድ ሰማያዊ የዋና ቁምጣ አነሱ። ስፌቱን ገልብጠው አዩ፤ ላስቲኩን ሳብ ለቀቅ አደረጉ። ሻጯ መቅደላዊት ወይዘሮዋን የምታውቃቸው በክርክር ስለሆነ ለክርክሩ ተዘጋጅታ ጠበቀች። እሳቸው ግን የተባሉትን ከፈሉ።

መቅደላዊት ገርሟት «ለኤልዳድ ነው፣ እትዬ?» አለች።

«አይደለም» አሉ፣ ቁምጣውን እያጠፉ። «ለመምህሬ ነው።»