ጋሼ ሰፈር ሕንፃ ሊገዙ ነው

ሕንፃ ሊገዛ ሰፈር የሚያጠና ዘመድ የሌለው ሰው ካለ፣ ወይ ዕድለኛ ነው ወይ መኪና የለውም። እኔ መኪናም አለኝ፣ አጎትም አሉኝ። ቤተሰቡ "ጋሼ ሰፈር" ይላቸዋል። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ከከተማው ዳር ለብዙ ቤተሰብ የሚከራይ ሕንፃ ሊገዙ ነው። ሁልጊዜ "ሊገዙ ነው"።

እሑድ እሑድ ክቡር መርማሪያችን ከፊት ወንበር ይሰየማሉ። ሌላው ገዢ የግድግዳ ስንጥቅ ሲያይ፣ እሳቸው የልብስ ማስጫ ገመድ ያያሉ።

"የሕፃን ልብስ ተሰጥቷል። እዚህ ሰው ይከርማል ማለት ነው።"

ከዚያ ሱቅ ገብተው ዳቦ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ያጣራሉ። ከሕንፃው እስከ ታክሲ ተራ ያለውን መንገድ የሚለኩት ደግሞ ዕቃ ከያዘ ሰው ጋር ነው። ዘንቢሉን ድንች ይሞሉታል፤ ዕቃ የያዘው ሰው እኔ ነኝ። ላብ ሲያጠምቀኝ ቆም ብለው ያዩኝና ፍርዳቸውን ይሰጣሉ፦ "ሰፈሩ ባልከፋ። ግን ልቤ አልፈቀደውም።"

ደላሎች ስልካቸውን ማንሳት ትተዋል። አይፈረድባቸውም። አንድ ጊዜ ሻጩ ዋጋ ሊናገር ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ጋሼ ቀደም ብለው "ልጆች ይፈቀዳሉ? እንግዳስ ማሳደር ይቻላል?" ብለው ጠየቁት። ሰውዬው ግራ ገብቶት እኔን አየኝ።

"ጋሼ፣ የሚገዙት እኮ እርስዎ ነዎት" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"ይሄን አጣሁት እንዴ!" ብለው ተቆጡ። ዕድሜ ልካቸውን በሰው ቤት ተከራይተው የኖሩ ናቸውና፣ አንደበታቸው ገና ቤት አልቀየረም።

ባለፈው ወር አስፋልቱ ካለቀበት ራቅ ብሎ የቆመ ባለ ሁለት ፎቅ አየን። ታክሲ ሩቅ፣ ውሃ በፈረቃ፣ ጣሪያው ያፈሳል። ደላላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሌላ ገዢ አለ። ሁሉንም አስወጥቶ፣ አድሶ በእጥፍ ሊያከራየው ነው። እርስዎም እንደዚያ ቢያደርጉ ያዋጣዎታል" አላቸው። ዝቅ ያለው ድምፅ ምድር ቤት ለምትሰፋው ልብስ ሰፊ በደንብ ተሰምቷታል። የስፌት መኪናዋን አቁማ የተቆረጡትን ጨርቆች መሰብሰብ ጀመረች።

"አባባ፣ መውጣታችን ካልቀረ ቶሎ ይንገሩን" አለች። "ልጆቼ ትምህርት ቤት የገቡት እዚሁ ነው።"

እኔ "ልቤ አልፈቀደውም" እስኪሉ ዘንቢሉን ይዤ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። እሳቸው ግን ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ፣ ጨርቆቹን አዩ።

"ክረምት ሳይገባ ጣሪያው ይጠገናል። መኪናሽን ከቦታው አታንሺ፣ ልጄ።"

ባለቤታቸው ሲሰሙ እሪ አሉ። "ያን ሁሉ ሰፈር ዞረህ ዞረህ ይሄንን?"

"ሰፈሩማ አይረባም" አሉ ጋሼ፣ አንገታቸውን ደፍተው። "ታዲያ ምን ላድርግ? ሴትዮዋ ዕቃዋን እየሰበሰበች አየችኝ።"

ውሉ በተፈረመ ማግስት ወሰድኳቸው። ቁልፉን በእጃቸው እንደያዙ የግቢውን በር በጣታቸው ቆርቆር አድርገው ቆሙ።

"ጋሼ፣ ቁልፉ እኮ እጅዎ ላይ ነው።"

"ዝም በል! ሰው ቤት ዘው ተብሎ ይገባል?"

እኚህን ሰው ምን ያህል እንደምወዳቸው እዚያ በር ላይ ቆሜ ገባኝ። ከውስጥ "ማነው?" ሲባል ኮታቸውን አስተካከሉ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ካልተመቻችሁ ሌላ ቀን እመጣለሁ።"