ኮፈኑ ሲከፈት

መኪና አልነሳ ሲል ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ሐኪም አይታችሁ አታውቁም? የእኛ ሰው ለራሱ ሆድ ቁርጠት ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ለመኪና ሕመም ግን ራሱ ሐኪም ነው።

ልጄ አምቦ በምትመረቅበት ዕለት፣ እንዳይረፍድብኝ ሰግቼ ከጌዶ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ቁልፉን ቢያዞረው ሞተሩ ዝም አለ። ኮፈኑ ሲከፈት ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ አንገቱን አስገባ።

"ካንዴላው ነው" አሉ ኦቦ ቶሎሳ፣ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡት። ሾፌሩ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ፈትቶ ጠረገ። አልተነሳም።

"ማስነሻው ሞተሪኖ ነው፤ በመዶሻ ነካ አድርገው" አሉ በዕድሜ ተከታያቸው። ነካ አደረገው። ሌላው ሽማግሌ "ይገፋ" አሉ። እኔም ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ገፋሁ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ፣ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ተናግረው ሲጨርሱ፣ ሾፌሩ የላላውን የባትሪ ገመድ አጠበቀና ሞተሩ ወዲያው ተነሳ።

"ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር?" አልኩት።

"አውቅ ነበር፣ እናቴ። ኦቦ ቶሎሳ እያሉ እኔ ልቅደም?"

የእኔንም ልጅ ያሳደግኋት ታላቅ ሲናገር ዝም በይ እያልኩ ነው።

አምቦ ስደርስ የምረቃው ድንኳን እየፈረሰ ነበር። ልጄ ጋዋኗን መልሳ የግቢው በር ላይ ትጠብቀኛለች።

"ምንም አይደል፣ እማ" አለች። "ስሜ ሲጠራ የጓደኛዬ እናት እልል ብለውልኛል።"

እኔም እዚያው በሩ ላይ እልል አልኩ። ድንኳን የሚያፈርሱት ሰዎች ሥራቸውን አቁመው ዞረው አዩን።