የጠበበ ሆድ አያያዝ

አማርኛችን ለሆድ ያልሰጠው ሥራ የለም። ቂም የሚቋጠረው ሆድ ውስጥ ነው፤ ምስጢር የሚቀበረውም እዚያው ነው፤ የሚወደድ ሰው ‘ሆዴ’ ይባላል። ሰው ሲከፋው ሆዱ ይብሰዋል፣ ሲራራ ሆዱ ይባባል፣ ሁሉን ችሎ የሚያሳልፍ ሰው ደግሞ ‘ሆደ ሰፊ’ ተብሎ ይመሰገናል። ልብ በሉ፤ ‘ሆደ ጠባብ’ ተብሎ የተመሰገነ ሰው ግን ሰምታችሁ አታውቁም። እኔ እንግዲህ በአርባ ስድስት ዓመቴ ወድጄና ፈቅጄ፣ ወረቀት ላይ ፈርሜም ጭምር፣ ሆዴን ያስጠበብኩ ሰው ነኝ።

ሆድ ሲጠብ መጀመሪያ የሚመጣው ቅጥነት እንዳይመስላችሁ። ማቅለሽለሽ ነው። ቃሉን ራሱን ቀስ ብላችሁ ጥሩት እስቲ፤ ግማሹ ላይ ሳትደርሱ አፋችሁ ውሃ ያቀርራል። ሌላው ሕመም ሁሉ ክብር አለው። ቁርጥማት ያለበት ሰው ከዘራ ይይዛል፣ ራሱን የሚያመው ሻሽ ያስራል፣ ሰውም አይቶ መንገድ ይለቅለታል። ‘ያቅለሸልሸኛል’ የሚል ጎልማሳ ወንድ ግን ምን ይያዝ? የሰፈራችን ሴቶች በዚህ ቃል የሚያውቁት አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ እሷም ከጥቂት ወራት በኋላ እልል ይባልላታል። ለእኔ እልል የሚል አልነበረም።

ሰቆጣ ውስጥ የሒሳብ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ በፊቴ ‘ቲቸር ጥጋቡ’፣ በሌለሁበት ‘ክቡ’ ይሉኝ ነበር፤ ከሒሳብ ትምህርት ቢያንስ አንድ ነገር እንደገባቸው ስለሚያሳይ አልተቀየምኳቸውም። በእኛ በዋግ ውፍረት ነውር ሆኖ አያውቅም። ገደሉ በበዛበት፣ ዝናቡ እንደ ልቡ በሚመጣና በሚቀርበት አገር ደልደል ያለ ሰው ሲያልፍ ‘እግዜር ያየው’ ይባላል እንጂ አይሳቅበትም። ባለቤቴን ዝማምን ለጋብቻ ስጠይቅ ዘመዶቿ አጥንቴን የቆጠሩ አይመስለኝም፤ ትከሻዬን አይተው ነው እሺ ያሉት። ክብሩ ግን ጉልበቴን አልደገፈልኝም። ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ክፍሌ ያለችውን አጭር አቀበት ሁለት ጊዜ ሳልቆም መውጣት አቃተኝ። ስኳሩ መጣ። ተኝቼ ትንፋሼ ቀጥ ይል ጀመር፤ ዝማም እየቀሰቀሰችኝ ‘ተንፍስ’ ትለኛለች፤ ጠዋት ክፍል ውስጥ ጠመኔ እንደያዝኩ የማንቀላፋው እኔ፣ ዓይኗ ቀልቶ የምትውለው እሷ።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄጄ ተቆረጥኩ። ከጨጓራዬ የሚበዛውን አወጡትና የሙዝ ያህል ተዉልኝ። ሐኪሙ ሲሸኘኝ የሰጠኝ ምክር አንድ ሐሳብ ነበር፤ ቀስ በል። ውሃ በትንሽ በትንሹ፣ መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ቆይቶ ለስላሳ ነገር፣ ጠጣሩ ገና ነው። ማቅለሽለሹ ጥቂት ሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ውሃም አልቀመጥ ካለህ ግን ዛሬ ነገ ሳትል ሐኪም ቤት ሂድ፣ አለኝ። ‘ጥቂት ሳምንታት’ ሲሉት እንዴት ቀላል ነው! ከላሊበላ ሰቆጣ ያለውን ጠመዝማዛ መንገድ በመኪና ስመጣ ብቻ አንድ ዓመት የቆየ መሰለኝ።

ለጠየቀን ሰው ሁሉ ‘የሐሞት ጠጠር ነው’ አልን። ውሸቱ የእኔ ነው፤ ዝማም አልወደደችውም። ግን እስቲ እናንተ በእኔ ቦታ ሁኑ። ዝናብ በቀረ ቁጥር እርዳታ በሚጠብቅ ሕዝብ መካከል ቆሞ ‘እንዳልበላ ብዬ ሆዴን አስቆረጥኩ’ የሚል አፍ ከየት ይመጣል? ከሁሉም በላይ የፈራሁት አማቴን ወይዘሮ ትብለጥን ነበር። ጋዝጊብላ ነው የሚኖሩት። በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን፣ ያ ሁሉ ሰው ከቀዬው ተነቅሎ ወደ መጠለያ በተጓዘ ጊዜ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ቀብረው ዝማምን በጀርባቸው አዝለው የተረፉ ሴት ናቸው። ለእሳቸው ይህን መናገር፣ ዓይነ ስውር ፊት ቆሞ ‘ብርሃን በዛብኝ’ እንደማለት ሆነብኝ።

ውሸት ግን የራሱ ቅጣት አለው፤ የእኔ ቅጣት በድስት ነበር የሚመጣው። የሐሞት ጠጠር የወጣለት ሰው መብላት ያለበት ሰው ነው። ጎረቤት ሁሉ አጥሚት፣ የሙክት መረቅ፣ በቅቤ የራሰ ፍትፍት ይዞ ይመጣል። ክዳኑ ሲነሳ ሽታው ቀድሞኝ ይነሳል። የሰው ቅባት፣ የልብስ ሳሙና፣ የሽንኩርት ቁሌት፣ አንዳንዴም የገዛ ምራቄ ያቅለሸልሸኝ ነበር። ሒሳብ አስተማሪ አይደለሁ? ደብተር አዘጋጅቼ የሰዓቱን፣ የጠጣሁትን፣ የማቅለሽለሹን ልክ ከአሥር እየሰጠሁ ጻፍኩ፤ ቀመሩን አገኘዋለሁ ብዬ። በሦስተኛው ሳምንት ያገኘሁት ነገር ቢኖር፣ ጠዋት አንድ ማንኪያ ውሃ ሰባት፣ ከሰዓት በኋላ ያው ማንኪያ ያው ውሃ ሁለት የሚያመጣ መሆኑን ነው። እንግዶች ዘወር ሲሉ ዝማም ጀርባዋን ወደ በሩ አዙራ የእኔን ድርሻ ትበላልኝ ነበር። እኔ ስከሳ ቀሚሷ ጠበባት።

አማቴ የመጡት እንዲህ እንዳለን ነው። አንድ ሙክትና በቅል የተሞላ ነጭ ማር ይዘው ከሚኒባስ ወረዱ። ጉንጬን አዩት፤ ከዝማም ጋር በአገውኛቸው፣ በኽምጣንጋ፣ ጥቂት ተባባሉ። እኔ ቋንቋውን የምሰማው በጥቂቱ ነው፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ መጫናቸው ግን ትርጉም አላስፈለገውም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሙክቱ ታርዶ፣ የንስሐ አባታችንና ጥቂት ጎረቤቶች ተጠርተው ‘ስለ ተረፈችው ነፍስ’ ማዕድ ተቀመጥን። እኔ ከማዕዱ ራቅ፣ ከመስኮቱ ቀረብ ብዬ በአፍንጫዬ ሳይሆን በአፌ እተነፍሳለሁ።

አማቴ ተነስተው ወደ እኔ መጡ። በአገራችን ወግ አማትና አማች ይከባበራሉ፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እኔም ‘እርስዎ’ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ‘እርስዎ’ ይሉኛል። እጃቸው ላይ የጠቀለሉት ጉርሻ ነበር።

‘አቶ ጥጋቡ፣ ስለ እኔ ይህችን ብቻ’ አሉኝ።

እጃቸው አፌ አጠገብ ሲደርስ ቆም አለ፤ ከአክብሮት ነው አልኩ። ዝማምን አየኋት፤ ዓይኗ ፈጥጧል፤ ለሆዴ ፈርታ ነው አልኩ። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባላል፤ የካህን፣ የጎረቤት ዓይን እያየ የአማትን እጅ መመለስ ደግሞ እንዴት ይሆናል? ጎረስኩ። ዋጥኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላስረዝመውም። ሥጋው ከደረቴ በታች እንደ ድንጋይ በር ላይ ቆመ፤ አፌ አረፋ ሞላ፤ ከጓሮ ደረስኩ። የገባው ሁሉ ወጣ፤ ከወጣም በኋላ ሆዴ የሚያወጣው እየፈለገ ሲታገል ዋለ። በማግሥቱ ውሃም አልቀመጥ አለ። በሦስተኛው ቀን ከአልጋ ስነሳ ምድሪቱ ከእኔ በፊት ተነሳች፤ ሆስፒታል ወሰዱኝ፤ ግሉኮስ ተሰቀለልኝ፤ ከምላስ ሥር የምትሟሟ ክኒን ሰጡኝ። ሁለት ቀን ተኝቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ስመለስ አማቴ አልተቀበሉኝም። ከግቢው ጥግ፣ ከድንጋዩ አጥር ሥር ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ዝማም ከወደቅኩ ቀን ጀምሮ እህል እንዳልቀመሱ ነገረችኝ።

‘ምን ሆነው?’ አልኳት።

‘እናቴ ሰው ስታጎርስ አይተህ ታውቃለህ?’ አለችኝ።

አሰብኩ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ዓመት በዓል፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት። ሲያስተናግዱ አይቻለሁ፤ ሲያጎርሱ ግን አንድም ቀን። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን አይቼ አላየሁም! ዝማም ከዚያ በፊት ጨርሳ ያልነገረችኝን ያን ቀን ነገረችኝ። መጠለያው ደርሰው አማቴ እንደምንም ያገኙትን ንፍሮ ወንድ ልጃቸውን በእጃቸው አጎረሱት። ልጁ አራት ዓመቱ ነበር። ብዙ ቀን ባዶ የቆየው ሆዱ አልቻለም። በማግሥቱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ በእጃቸው ከእኔ በቀር ማንንም አጉርሰው አያውቁም። ከስቼ ሲያዩኝ ፍርሃታቸውን ዋጥ አድርገው ነው ያችን ጉርሻ የጠቀለሉት። አሁን ‘እጄ ነው፤ ድሮም እጄ ነው’ እያሉ ነው የሚያለቅሱት።

ሰው ውሸቱ ማንን እንደሚመታ አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ፣ ምናልባት የምንዋሸው ጥቂት በሆነ ነበር። ግድግዳ ይዤ ሄጄ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

‘እማማ፣ እጅዎ አይደለም። እኔ ነኝ የዋሸሁ’ አልኳቸው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጠጠር የሚባል ነገር እንዳልነበረ፣ ጨጓራዬን ራሴ እንዳስቆረጥኩ፣ ያን ሥጋ መጉረስ እንደሌለብኝ እያወቅኩ በይሉኝታ እንደጎረስኩ። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ‘ይህ ጥጋበኛ’ እስኪሉኝ ጠበቅኩ።

‘ወድደህ ነው?’ አሉኝ። ‘እርስዎ’ ቀርቷል።

‘ወድጄ ነው።’

‘ለምን?’

ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ስኳሩ፣ ስለሚቆመው ትንፋሼ ነገርኳቸው። ስለ ትንፋሼ ስናገር ወደ ቤቱ፣ ወደ ልጃቸው ዘወር ብለው አዩ።

‘ታዲያ ለእኔ ለምን ደበቅከኝ?’

‘አፈርኩ። እርስዎ ያን ሁሉ አይተው፣ እኔ በገዛ ፈቃዴ…’

‘ልጄ፣ የታመመ ሆድ የታመመ ሆድ ነው’ አሉ። ‘አሁን ስንት ይይዛል?’

በጣቶቼ አሳየኋቸው። እጃቸውን ዘርግተው ጣቶቼን ጠበብ አደረጉና፣ ‘እንዲያውም ለጊዜው ይህን ያህል ነው’ ብለው ተነሱ።

ገብስ ቀቅለው ውሃውን ብቻ አጠለሉት፤ ጨው ነካ አደረጉበት፤ ሽታው እንዲጠፋ አቀዘቀዙት። ከቤታችን ትንሿን የሻይ ማንኪያ መረጡ። አንድ ማንኪያ ይሰጡኛል፤ ከዚያ አቡነ ዘበሰማያትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቸኩሉ ይደግማሉ፤ ከዚያ ሌላ ማንኪያ። ማቅለሽለሹ ሲመጣ ‘አትታገለው፤ አሳልፈው’ ይሉና ማንኪያውን አስቀምጠው ሁለት ጊዜ ይደግሙታል። ልጃቸውን ከቀበሩ በኋላ መጠለያው ውስጥ አንዲት የማያውቋት ሴት ናት እንዲህ ያስተማረቻቸው። ዝማምን ያተረፉት በዚህ ነው። ‘የጠበበ ሆድ ጌታ ነው፤ እሱ ሲፈቅድ እንጂ አንተ ስትወድ አይበላም። እኔ ዘግይቼ ነው ያወቅሁት’ አሉኝ። ከዚህ ሌላ ስለዚያ ዘመን አልጨመሩም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ሐኪሙ ስልክ ደውሎ እንዴት እንደምጠጣ ሲጠይቀኝ የአማቴን አሠራር ዘረዘርኩለት። በጣም ደስ አለው። ‘የሥነ ምግብ ባለሙያ አገኘህ እንዴ እዚያ?’ አለኝ። አግኝቻለሁ አልኩት። እሱም እኮ የነገረኝ ይህንኑ ነበር፤ ልዩነቱ እሱ ከማንኪያ እስከ ማንኪያ ያለውን በደቂቃ መቁጠሩ ነው። እኔ ደቂቃ ስቆጥር ሰዓቱን እያየሁ ማቅለሽለሹን እጠብቀው ነበር፤ ጸሎት ሲቆጠር ግን ሰው የሚጠብቀው ‘አሜን’ን ነው።

ድስት ይዘው የሚመጡትን ደግሞ አማቴ በር ላይ መመለስ ጀመሩ። ‘አባወራው ሱባኤ ላይ ነው’ ይሏቸዋል። እውነቱን ለመናገር ይህም ውሸት ነበር፤ ግን ውሸትም እንደ ባለቤቱ ነው። የእኔ ውሸት ድስት አመጣብኝ፣ የእሳቸው ውሸት የሰፈሩን ጸሎት። የንስሐ አባቴ እንኳ ነገሩን ሰምተው ‘ተባርከሃል’ ብለው ላኩብኝ፤ ኋላ ቀርቤ ሁለቱንም ውሸት በአንድ ቀን ተናዘዝኩ።

የገብሱ ውሃ ወደ ቀጭን አጥሚት፣ አጥሚቱ ወደ ለስላሳ እንቁላል እስኪሸጋገር አንድ ወር ያህል ሄደ። ማቅለሽለሹ በአንድ ጊዜ አልለቀቀኝም፤ እንደ ቂመኛ ዘመድ መምጫውን እያራቀ ሄደ። አቀበቷን አሁን ሳልቆም እወጣታለሁ። ዝማም ሌሊቱን ሙሉ ትተኛለች። አማቴም የገብሱ አጨዳ ሳያመልጣቸው ወደ ጋዝጊብላ ተመለሱ።

ባለፈው ሰሞን ደወልኩላቸው። እንደ ሌላው ሰው ‘በላህ ወይ?’ አይሉኝም።

‘ያ ነገር ተወህ?’ አሉኝ።

‘አልፎ አልፎ ይመጣል’ አልኩ። ‘ብዙ ምግብ አንድ ላይ ሲሸት። መቼ ጨርሶ እንደሚተወኝ እንጃ።’

‘እኔም ይመጣብኛል’ አሉ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ‘እስከ ዛሬ?’ አልኳቸው።

‘እስከ ዛሬ። ሠርግ ቤት ይብሳል። ወጣ ብዬ ነፋስ እቀበልና እመለሳለሁ። ማንም አያውቅም።’

አርባ ዓመት ከዚህ ነገር ጋር ኖረዋል። ቀጠል አድርገውም ሰቆጣ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጥሏል አልኳቸው።