ቲማቲም ጥላ ውስጥ፣ ጨው ፀሐይ ላይ

"ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ይባላል። እውነት ነው፣ አይገባም። እህልም አይገባበትም። ይህን ተረት ያወጣው ሰው ገበያ ውሎ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ እዚህ ድሬ፣ ቀፊራ ገበያ ላይ ዝም ያለች ሻጭ ቲማቲሟን ይዛ ነው የምትመለሰው። እኔን ከፈለጋችሁ በድምፄ ታገኙኛላችሁ፤ ሁለት መደዳ አልፎ ይሰማል። በኦሮምኛ እጣራለሁ፣ በሶማልኛ እከራከራለሁ፣ በአማርኛ እመርቃለሁ። ታዲያ ይህ ሁሉ አፍ ስብሰባ ላይ ስደርስ የት እንደሚገባ እንጃ። ሐሳብ ያለው እጁን ያውጣ ሲባል፣ እኔ እጄን ልብሴ ሥር እደብቃለሁ።

ምክንያቴ አንድ ነው፤ አልተማርኩም። ያልተማረ ሰው ደግሞ ክፉ ልማድ አለው፤ ሐሳብ ሲመጣለት "ይኼማ ደህና ነገር ቢሆን የተማሩት ቀድመው ባሰቡት ነበር" ብሎ መልሶ ይውጠዋል። ስንቱን ዋጥኩ መሰላችሁ። ሆዴ እንዲህ የሰፋው በምግብ ብቻ አይደለም።

አምና ግንቦት ላይ ነው። የልጅ ልጄ ሰሚራ እኛ ሰፈር፣ ሳቢያን ውስጥ አራተኛ ክፍል ትማራለች፣ የከሰዓት ፈረቃ። የድሬን የግንቦት ከሰዓት ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ውሻ እንኳ ሌባ አይቶ "ነገ እጮህበታለሁ" ብሎ የሚተኛበት ሰዓት ነው። የልጅቷ ክፍል ደግሞ ጣራውም ግድግዳውም ቆርቆሮ። ይነስራታል። በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ሸሚዟን በደም አበላሽታ ትመጣለች። እናቷ፣ ልጄ ናት፣ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፣ "ከዚህ በኋላ አልችልም፤ ሐረር አክስቷ ዘንድ እልካታለሁ፣ እዚያ ቀዝቃዛ ነው" ብላ ሻንጣዋን አዘጋጀች። ሐረር ሩቅ አይደለም በሉኝ። ሰሚራና እኔ ግን አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው። ከአልጋዬ ለተነሳች ልጅ ሐረርም ጅቡቲም አንድ ነው።

በዚያው ሰሞን የወላጅ ስብሰባ ተጠራ። እናቷ ሥራ ላይ ስለሆነች እኔ ሄድኩ። ዳይሬክተሩ ሙቀቱን ምን እናድርገው ብለው ጠየቁ። አንዱ አባት ቬንቲሌተር ይገዛ አለ፤ ሌላው መብራት በጠፋ ቀን ማን ያዞረዋል ብሎ መለሰለት። አንዷ ጣራው ነጭ ቀለም ይቀባ አለች። አንዱ ደግሞ ተነስቶ ስለ አየር ንብረት ረጅም ንግግር አደረገ፤ ሲጨርስ የባሰ ሞቀን።

እኔ በመስኮት ግቢውን አያለሁ። ጥጉ ላይ የድንጋይ ቤት አለ፤ ግንቡ ክንድ ሙሉ የሚወፍር፣ ትልቅ የኒም ዛፍ የሚያጠላበት። ውስጡ ምን አለ? የተሰበረ ወንበር። ወንበሩ ጥላ ውስጥ ተኝቷል፣ ልጆቹ ቆርቆሮ ሥር ይጠበሳሉ። ቀፊራ ላይ ትናንት የመጣች ሻጭ እንኳ ታውቀዋለች፤ ቲማቲም ጥላ ውስጥ፣ ጨው ፀሐይ ላይ።

ሐሳቡ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ቆመ። በጣም ቀለለብኛ። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ዲግሪ ካለው ሰው ይሰወራል? እኔ የማላውቀው አንድ ምክንያት ቢኖራቸው ነው፣ ይስቁብኛል አልኩና ዋጥኩት። ዳይሬክተሩ "እንግዲህ ሌላ ሐሳብ ከሌለ ዝናቡ እስኪመጣ እንታገሣለን" ብለው ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ያን ጊዜ የሰሚራ ሻንጣ ዓይኔ ላይ መጣች። ተነሳሁ። እኔ ሳልሆን እግሬ ነው የተነሳው ብል ይሻላል።

"ወንበር አይነስረውም" አልኩ።

ሰላምታ፣ ምስጋና፣ ሌላም ሌላም ላስቀድም አስቤ ነበር፤ ሁሉም ጠፋብኝ። በአማርኛ የጀመርኩትን በኦሮምኛ አስረዳሁ፣ ሳላውቀው በሶማልኛ ጨረስኩት፤ ወንበሮቹ ወደ ቆርቆሮው፣ ልጆቹ ወደ ድንጋዩ ቤት። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ይኸው፣ ብዬ ነበር አልኩ ለራሴ። ዳይሬክተሩ ግን የድንጋይ ቤቱን በመስኮት ለረጅም ጊዜ አዩት።

"መጋዘን ስለተባለ እኮ ነው" አሉ ቀስ ብለው።

በሳምንቱ ወላጆች ተሰብስበን ወንበሩን አወጣን፣ መስኮቱን ከፈትን፣ ግድግዳውን ኖራ ቀባን፤ የሰሚራ ክፍል ገባበት። ነስሩ ጨርሶ አልጠፋም፣ በወር አንዴ ሆነ። እናቷም ሻንጣዋን ባዶ አድርጋ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለቻት።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ባለፈው ሳምንት የሰሚራ አስተማሪ ቢንያም ቲማቲም ሊገዛ መጣ። የድሬ ልጅ ነው፣ አንቺ ይለኛል፤ ሲጠራኝ ደግሞ አዴ፣ እናቴ ማለቱ ነው። አንድ ኪሎ ለመግዛት እያንዳንዷን እያገላበጠ ቆመ። ገባኝ፤ ቲማቲም እንዲህ አይመረጥም።

"አዴ፣ የድንጋዩን ቤት ነገር እኮ እኔ ሁለት ዓመት ሳስበው ቆይቼ ነበር" አለኝ።

"ታዲያ ምነው ዝም አልክ?"

"ቀለለብኝ። ይኼን ያህል ተምሮ ይቺን ብቻ አሰበ እንዳልባል ብዬ።"

አያችሁልኝ? እኔ አልተማርኩም ብዬ ስውጥ፣ እሱ ተምሬያለሁ ብሎ ሲውጥ፣ መሃል ላይ ልጆቹ ተጠበሱ።

ለካ ሌላ ሐሳብ ይዞ ኖሯል የመጣው። ዞር ዞር ብሎ አየና በጆሮዬ ነገረኝ። "በሚቀጥለው ስብሰባ አንቺ አንሺው፣ አንቺን ይሰሙሻል" አለ። ሐሳቡ ወላሂ ከኔው ይበልጣል። አፌን በላኝ፣ አልዋሻችሁም። ግን እኔ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ፣ አንተ ዓይን ዓይኔን እያየህ ተናገር፣ ከኋላ የሚስቅ ካለ ለኔ ተወው አልኩትና ሁለት ቲማቲም መረቅኩለት።

ስብሰባው ቅዳሜ ነው። ሐሳቡ ምን እንደሆነ ለመስማት እንደቸኮላችሁ አውቃለሁ። አልነግራችሁም። የሱ ነው፤ ራሱ ይናገረው።