ሽንኩርት ያጠጣው መብራት

ከራሴ በላይ የሚያልፍ ነገር አልወድም። ወፍ ሲያልፍ ምን እንደሚጥል ይታወቃል። ደመናውም ቢሆን እኛ ላይ ሲያጉረመርም ውሎ ሄዶ የሚዘንበው ሽንዲ ነው። ስብሰባ ላይ ከራሴ በላይ የሚያልፈውንማ ተዉት፤ እሱን ቆጥሬ አልጨርሰውም። ከሁሉ የባሰኝ ግን ሽቦው ነው።

የቱ ሽቦ አትሉኝም? በደርግ ጊዜ፣ ከጅጋ ወዲህ ባለችው መንደራችን ላይ የተዘረጋው የመብራት ሽቦ ነዋ። መጀመሪያ የብረት ማማዎቹ ቆሙ። አራት እግር አላቸው፣ እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው አንዱ ከሌላው ጋር እየተያዩ እስከ ሰማይ ዳር ተሰለፉ። ርዝመታቸውን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ጫፉ ላይ የወጣው ሠራተኛ ቡሬ ገበያ ላይ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ እያየ ይነግረን ነበር። አታምኑኝም? ተዉት፣ አትመኑኝ። ረጅም መሆኑን ግን እመኑኝ።

ሽቦው ከተወጠረ በኋላ ደግሞ እዝዝ ሲል ይውል ጀመር። ከሥሩ የቆመ ሰው ጸጉሩ ይነሣል ተባለ። ራሰ በራው አጎቴ ይህን ሰምቶ ሳምንት ሙሉ ከብቱን ከሽቦው ሥር አሰማራ። የበቀለለት ነገር የለም። ከብቶቹ ግን ወፈሩ።

ያ ሁሉ መብራት በላያችን ሲያልፍ እኛ ያለነው በኩራዝ ነው። ካድሬው ስብሰባ ጠርቶ አስረዳን። መብራቱ መጀመሪያ ለፋብሪካ ነው አለ። ቀጥሎ ለከተማ። ሲተርፍ ለጎረቤት አገር ይሸጣል። አጨበጨብን። እኔ እጄን አውጥቼ፣ ጎረቤት ከተባለ ከማማው እስከ ደጄ አርባ እርምጃ ነው፣ ከዚህ የቀረበ ጎረቤት ከየት ተገኘ ብዬ ጠየቅሁ። ካድሬው ጥያቄህ በሂደት ይታያል አለኝ። እስካሁን በሂደት ላይ ነው።

አሁን አያ እንየውን ላስተዋውቃችሁ። የውሃ አባታችን ናቸው። የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው ማለቴ ነው። ቦዩን የቆፈሩት የታችኛው መንደር አባቶች ናቸው። ውሃው ከወንዙ ተጠልፎ፣ የእኛን መሬት አቋርጦ ወደ እነሱ ይወርዳል። በመሬታችን ስለሚያልፍ ሐሙስ የእኛ ነው፤ ሌላው ቀን የእነሱ። ሐሙስ ጠዋት አያ እንየው በበትራቸው ቦዩን ነካ ያደርጋሉ፣ ጭቃውና ሣሩ ይነሣል፣ ውሃው ወደ ሽንኩርታችን ይገባል። ሲመሽ ይደፈናል። በቃ። ንጉሡ ነበሩ፣ ሐሙስ የእኛ ነበረች። ንጉሡ ወረዱ፣ መሬት ላራሹ ታወጀ፣ ሐሙስን ማንም አልነካትም።

እና አያ እንየው ከማማው ሥር ተቀምጠው ሁለት ቀን አሰቡ። በሦስተኛው ቀን መጥተው ተነሥ አሉኝ። በሰው መሬት ላይ የሚያልፍ ነገር ተራ ይሰጣል፤ ፍኖተ ሰላም ሄደን የመብራቱን ሐሙስ እንጠይቃለን አሉ። እኔን የወሰዱኝ ለመንገድ ጨዋታ ነው። አህያም ሊወስዱ ይችሉ ነበር፤ አህያዋ ግን አትናገርም።

የመብራት ቢሮ ያገኘነው መነጽር ያደረገ ትሑት ወጣት ነው። ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው።

«የምንለምነው ሐሙስን ብቻ ነው» አሉት። «በሌላው ቀን ወደፈለገበት ይሂድ።»

ሰውየው ሳቅ ሊለው ነበር፣ ፊታቸውን አይቶ ተወው። «አባቴ፣ ይኼ ኃይለኛ ነው። እንዲሁ አይወርድም። ትራንስፎርመር የሚባል ማውረጃ ያስፈልገዋል።»

«እኛ በጭቃና በሣር ነው የምናወርደው።»

«በጭቃ አይሆንም፣ አባቴ።»

«ሞክራችሁት ታውቃላችሁ?»

ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። እንዳልሞከሩት አወቅን።

«ደግሞም» አለ፣ «ሽቦው መሬታችሁን አይነካም። በአየር ላይ ነው የሚያልፈው። መሬት የነካው የማማው አራት እግር ነው፣ ለእሱም ምትክ ተሰጥቷችኋል። በአየር ላይ ያለፈ ነገር ተራ የለውም።»

አያ እንየው በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ከዚያ፣ ለጎረቤት አገር የሚሸጠው እውነት ተርፎ ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ሰውየው ወደ በሩ አየት አደረገ። ይተርፋል ተብሎ ታስቧል አለ። እኔ ቀና ብዬ አምፖሉን አየሁ። አይበራም። ቀን ስለሆነ ነው አለኝ፣ ሳልጠይቀው። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ግን እስከ ወገቡ የነደደ ሻማ ቆሟል።

እዚህ ድረስ የጠፋ ነገር የለም። ሄድን፣ ተከለከልን፣ ተመለስን። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጅጋ ገበያ ላይ ሰው ከበበኝ፣ እኔ ደግሞ ሰው ሲከበኝ አፌ ለብቻው ይሄዳል። ጨመርኩበት። ሰውየውን ጄኔራል አደረግሁት። ቢሮው ውስጥ መቶ አምፖል ሰቀልኩ፣ መቶውንም አጠፋሁ። ሕግ ወጥቷል አልኩ፤ ከእንግዲህ በሰው መሬት ላይ የሚያልፍ ነገር ተራ የለውም ተብሏል። «በአየር ላይ» የምትለዋን ቃል ዘለልኳት። ስለማታስቅ ነው።

ከከበቡኝ መካከል አማቼ አያ ገላዬ እንደነበሩ ያወቅሁት ሐሙስ ዕለት ነው። አያ ገላዬ የታችኛው መንደር የውሃ አባት ናቸው። ሚስቴ ስመኝ ልጃቸው ናት። ጠዋት አያ እንየው በትራቸውን ይዘው ቦዩ ጋ ሲደርሱ፣ አማቼ ስምንት ሰው ዱላ አስይዘው ቆመዋል።

«አያ ገላዬ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው» አሉ አያ እንየው።

«እኔም ሐሙስ መሆኑን አላጣሁትም። ግን ሕግ ወጥቷል አሉ። የሚያልፍ ነገር አያካፍልም። ከመንግሥት ተጣሉ ነው የምትሉን?»

«ይህን ማን ነገራችሁ?»

አማቼ በዱላቸው ጫፍ ወደ እኔ ጠቆሙ። ስምንቱም ሰው ዞሮ አየኝ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው እያየኝ ሳይስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሁለት ሐሙስ እንዲህ አለፈ። የሽንኩርታችን ጫፍ ቢጫ ሆነ። ውሃው በፊታችን እየተንሿሿ ይወርዳል፣ እኛ ቆመን እናየዋለን። ስመኝ ሥራ አላጣችም፤ «አባቴ ውሃ መከልከል ቻለ፣ አንተ አፍህን መከልከል አቃተህ» እያለች ትዞረኛለች። ጎረምሶቹ ዱላ መቁረጥ ጀመሩ። ከታችኞቹ ያልተጋባ ቤት ደግሞ የለም። ቢማቱ የሚፈነከተው አማች ነው፣ የሚያስታምመው አማች ነው።

በጣም የከፋኝ ግን የአያ እንየው ነገር ነው። በትሩን ይዘው ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሄዱ። «አዲስ ተራ ላመጣ ሄጄ የአባቶቼን ጥዬ ተመለስኩ። ይህን ለሌላ ስጡልኝ» አሉ። ሊቀ መንበሩ መቀበል አልደፈረም። ጉዳዩ በሁለቱ መንደር ስብሰባ ይታይ አለ፤ እስከዚያው በትሩን ይዘውት ይቆዩ።

ያን ሳምንት ቀልድ አላወራሁም። ሰው ታሞ ነው ብሎ ሊጠይቀኝ መጣ።

ስብሰባው ዋርካው ሥር ተደረገ። ካድሬው ወረቀቱን ዘርግቶ መካከል ተቀመጠ። አማቼ ተነሥተው በትሕትና ተናገሩ፤ እኛ የመንግሥትን ሕግ ነው የተከተልነው፣ መብራቱ ሳያካፍል ካለፈ ውሃውም ሳያካፍል ይለፍ አሉ። ካድሬው ራሱን ነቀነቀ። አያ እንየው መሬት መሬት አዩ። ስመኝ ከሴቶቹ መካከል ሆና እኔን አየችኝ። ገበያ ላይ የዘለልኳት ቃል ትዝ አለችኝ።

ተነሣሁ።

«አማቼ እውነታቸውን ነው» አልኩ። «ሕግ ሙሉውን ይከበር። እኔ ገበያ ላይ ያወራሁት ግማሹን ነው። ቢሮው ያለን፣ በአየር ላይ ያለፈ ነገር ተራ የለውም ነው። መሬት የነካው አራት እግር ብቻ ስለሆነ ነው የተከለከልነው። አያ እንየው፣ ዋሸሁ?»

«አሁን አልዋሸህም» አሉ፣ ቀና ብለው።

«እንግዲያው የአማቼም ውሃ በአየር ላይ ይለፍ። ለእግሩ ቦታ እንሰጣለን። ከሥሩ የተጫነ በቅሎ እንዲያልፍ ብቻ ከፍ ይበል። ያኔ ሐሙስን ብጠይቅ እኔ አማቻቸው አይደለሁም።»

እኔ ለመሳቂያ ነው ያልኩት። ሰው መሳቅ እንደጀመረ ግን ካድሬው እጁን አነሣና ዝም አሰኘው። መጻፍ ጀምሯል። ለካ ለአብዮት በዓል ሪፖርት የሚሆን ነገር አጥቶ ከርሟል። ይህ የፈጠራ ሐሳብ ነው አለ። የታችኛው ገበሬ ማኅበር በአየር ላይ የሚሄድ ቦይ በዘመቻ ይሠራል። እንጨቱ ከየአባላቱ ባሕር ዛፍ ይቆረጣል። ሥራው ሰኞ ይጀመራል፣ የሚቀር ሰው የለም። ብሎ ፈረመበት።

የአማቼን ፊት ብታዩ። አያ ገላዬ ባሕር ዛፋቸውን ከልጆቻቸው አስበልጠው ነው የሚወዱት፤ ይህን ስመኝም ታውቃለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ታችኞቹ አያ እንየው ደጅ መጡ። ዱላ የያዘ የለም። ጠላ ይዘዋል።

«ሐሙስ የእናንተው ናት» አሉ አማቼ። «ያቺን ወረቀት ካስቀራችሁልን ደግሞ ቅዳሜን እስከ እኩለ ቀን እንጨምራለን።»

አያ እንየው ወደ እኔ ዞር አሉ። «በአፍህ ያወጣኸውን በአፍህ መልሰው።» ካድሬው ዘንድ ሄጄ፣ ሥራው ታላቅ ስለሆነ ጥናት ያስፈልገዋል፣ ጥናቱ እስኪያልቅ ውሃው በምድር ይሂድ ብዬ ለመንኩት። ጥናት የምትለዋ ቃል ደስ አለችው። ጥናቱ እስካሁን አላለቀም።

ሐሙስ ጠዋት አያ እንየው ቦዩን በበትራቸው ነኩ። ውሃው ገባ። ሽንኩርቱ በሳምንቱ ቀና አለ። በአገሩ ሁሉ መብራት ሳይገባለት በመብራት ሕግ ሽንኩርት የሚያጠጣ ገበሬ እኛ ብቻ ሆንን።

የቅዳሜዋ ግማሽ ቀን ግን ተረፈችን። ሐሙስ በቅቶናል። የተረፈን ነገር ምን ይደረጋል? ካድሬው አስተምሮን የለም? ለጎረቤት ሸጥናት። ታችኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ሽንኩርታችንን ያርማሉ፣ እኛ ውሃውን እንለቅላቸዋለን። አማቼ እያረሙ፣ «የራሴን ውሃ ነው እኮ የምትሸጡልኝ» ይላሉ። አያ እንየው ቀና ብለው ሽቦውን ያሳዩዋቸዋል።

ሽንኩርቱ ደርሶ ወደ ጅጋ ጭነን ስንወርድ፣ ያ የቢሮው ሰው ማማውን ሊያይ መጥቶ መንገድ ላይ አገኘነው። ጭነቱን አየና አንድ እስር ብትሰጡኝ አለ።

አያ እንየው አህያዋን አስቆሙ። «ልጄ፣ ይኼ አላፊ ነው። እንዲሁ አይወርድም። ማውረጃ ያስፈልገዋል» አሉት።

ሰውየው መነጽሩን አውልቆ እስኪያለቅስ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ገመዱን ፈቱና ሁለት እስር አውጥተው ሰጡት።

«እንካ። እኛ በጭቃም ቢሆን እናወርዳለን።»